ለአንድ ኮምፒውተር ሁለት ማውዝ፦ ከድሬዳዋ የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በመጀመሪያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በትምህርት ቤቶቻችን ስላለው የኮምፒውተር እጥረት በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ጽሑፎች በጥሞና እከታተላለሁ፤ የሚነሳው ችግር እውነተኛ መሆኑንም በሥራዬ ላይ አየዋለሁ። ይሁን እንጂ ሁልጊዜ እንደ መፍትሔ የሚጠየቀው ተጨማሪ ኮምፒውተር ነው። እኔ በዚህ ደብዳቤ የማመለክተው ከዚያ እጅግ ያነሰ፣ ግን በጀትና ጨረታ ሳይጠብቅ ሊጀመር የሚችል ነገር ነው፤ ይኸውም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ማውዝ ሰክቶ፣ ሁለት ልጆች እያንዳንዳቸው በስክሪኑ ላይ ማውዙን ተከትሎ የሚንቀሳቀስ የየራሳቸውን ቀስት ይዘው በአንድ ጊዜ እንዲጫወቱና እንዲማሩ ማድረግ ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። እንደ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ሁሉ የእኛም ክፍል ለተማሪው ቁጥር የሚበቃ ኮምፒውተር ስለሌለው፣ በአንድ ማሽን ፊት ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ልጆች ይቀመጣሉ። ክፍሉን ከበሩ ላይ ቆሞ ለሚያየው ሰው ሦስቱም የሚማሩ ይመስላሉ። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን የሚማረው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ማውዙን የያዘው ነው። አጠገቡ ያለው ልጅ «እሱን ንካው፤ ኧረ ከታች ያለውን!» እያለ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ይደቅናል። ሦስተኛዋ ወንበሯ ከጠረጴዛው ጥግ ወጣ ስለሚል አንገቷን አስግጋ ጥቂት ታይና፣ ተራዋ እንደማይደርስ ሲገባት ደብተሯን አውጥታ የሌላ ትምህርት የቤት ሥራ ትጀምራለች። መምህሩ «ተራ በተራ ያዙ» ቢልም፣ ተራው የሚከበረው መምህሩ አጠገባቸው እስከቆመ ድረስ ነው። ማውዙ የሚገባው ደፈር ባለው ወይም ቤቱ ኮምፒውተር ባለው ልጅ እጅ ነው፤ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቀው ልጅ፣ ማለትም ክፍለ ጊዜው ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ልጅ፣ ተመልካች ሆኖ ገብቶ ተመልካች ሆኖ ይወጣል።

ልጆቻችን አብሮ መጫወት የማያውቁ ሆነው አይደለም። በከዚራም ሆነ በመጋላ፣ በሳቢያንም ሆነ በገንደ ቆሬ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የሚሰበሰቡባቸውን የጨዋታ ቤቶች ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ፕሌይስቴሽኑ ሁለት ጆይስቲክ አለው፤ ጆተኒ ቤት ከፍቶ በጠረጴዛው አንድ ወገን ብቻ እጀታ የሚያደርግ ነጋዴም የለም። ኮምፒውተሩ ብቻ ነው ለብዙ ሰው ተገዝቶ ለአንድ እጅ የተዘጋጀው፤ ይህም የሆነው በመጀመሪያ ለአንድ የቢሮ ሠራተኛ ጠረጴዛ ታስቦ ስለተሠራ እንጂ ሌላ ዓይነት አሠራር ስለማይቻል አይደለም።

ነገሩ በሌሎች አገሮች የተጠና ነው። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ልጆች በአንድ ኮምፒውተር ላይ አብረው የእንቆቅልሽ ጨዋታ ሲጫወቱ አንድ ወይም ሁለት ማውዝ መኖሩ የሚያመጣውን ለውጥ መርምረዋል። ለእኛ ኑሮ የሚቀርበው ግን በህንድ የተሠራው ሥራ ነው። በባንጋሎር በሚገኘው የማይክሮሶፍት የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ኡዳይ ሲንግ ፓዋር፣ ጆዮጂት ፓልና ኬንታሮ ቶያማ በገጠር ትምህርት ቤቶች ያዩት ልክ እኛ የምናየውን ነበር፤ ብዙ ልጆች በአንድ ማሽን ዙሪያ፣ ማውዙ በአንዱ እጅ። እነርሱም መልቲማውዝ ያሉትን ፕሮግራም ሠርተው ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ማውዝና በቀለም የተለየ የራሱን ቀስት ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ጥናት በገጠር የሚኖሩ፣ ከችግረኛ ቤተሰብ የተገኙ 238 ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ቃላት እንዲይዙ ተደርጎ፣ አምስት ልጆች አምስት ማውዝ ይዘው በአንድ ኮምፒውተር ሲማሩ የያዙት ቃል፣ በጥቅሉ ሲታይ፣ አንድ ልጅ አንድን ኮምፒውተር ለብቻው ይዞ ሲማር ከያዘው የማያንስ ሆኖ ተገኘ። ይህን ውጤት ደጋግሜ ያነበብኩት ትርጉሙ ለእኛ ቀላል ስላልሆነ ነው፤ አምስት ማውዝ የተሰካበት አንድ ማሽን፣ ቢያንስ ለዚያ ዓይነቱ ትምህርት፣ የአምስት ማሽን ሥራ ሠርቷል ማለት ነው። እኔ የምጠይቀው አምስት እንኳ አይደለም፤ ሁለት ብቻ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ ምክንያቱም ሐሳቡን ሰምተው ሁለተኛ ማውዝ ገዝተው የሰኩ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን የሚተዉት አሠራሩን የሚነግራቸው ስለሌለ ነው። ሁለት ማውዝ ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ሁለቱም ይሠራሉ፤ የሚያንቀሳቅሱት ግን አንዱን ቀስት ነው። አንዱ ልጅ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ሲጎትት ቀስቱ መሃል ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ልጆቹም ይጣላሉ። ይህ የማውዙ ብልሽት አይደለም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ለውስጥ ሁለቱን ማውዞች ለይቶ ያውቃቸዋል፤ ቀስቱን ሲያንቀሳቅስ ግን ከሁለቱም የመጣውን እንቅስቃሴ አንድ ላይ ይደምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ አንድ ፕሮግራም «ይህ እንቅስቃሴ ከየትኛው ማውዝ መጣ?» ብሎ ሥርዓቱን መጠየቅ ይችላል፤ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ግን አይጠይቁም። ስለዚህ ሁለተኛ ቀስት የሚገኘው ወይ ጨዋታው ራሱ ይህን እንዲጠይቅ ተደርጎ ከተሠራ፣ ወይ ደግሞ ከሥሩ ያለው ሥርዓት ሁለት ቀስት እንዲይዝ ከተደረገ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተርን የሚያሠራው፣ በነጻ የሚገኘው ሊኑክስ ላይ ነው፤ እኔም በይበልጥ የምመክረው እሱን ነው። ፒተር ሁተረር የተባለ ባለሙያ በምርምር የጀመረው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የኤክስኦርግ ሰርቨር (የሊኑክስን መስኮቶችና ቀስት በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ክፍል) ቁጥር 1.7 ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ ተጨማሪ ሶፍትዌር መግዛት ሳያስፈልግ ሁለት፣ ሦስትም ቀስት መፍጠር ይቻላል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ኮምፒውተሩ በኤክስኦርግ የሚሠራ መሆኑ ነው፤ በቅርብ ዓመታት የወጡት፣ ኡቡንቱ የተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ዌይላንድ በተባለው አዲስ ሥርዓት ስለሚነሱ ይህ ዘዴ በእነርሱ ላይ አይሠራም። ለቆዩ ኮምፒውተሮች ዙቡንቱን ወይም ሊኑክስ ሚንትን የመሰለ ቀለል ያለ ምርጫ ይሻላል፤ ለሙከራ ከሆነም በፍላሽ ላይ ተጭኖ፣ በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስ ሳይነካ፣ ከፍላሹ ሊነሳ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በትዕዛዝ መጻፊያው መስኮት ኤክስኢንፑት (xinput) በተባለ ትዕዛዝ የሚፈጸም ነው። ትዕዛዙ «ሊስት» ሲባል የተሰኩትን ዕቃዎች ሁሉ ከነስማቸውና ከነመለያ ቁጥራቸው ይዘረዝራል። እዚህ ላይ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ፤ ሁለቱ ማውዞች ከአንድ ካርቶን የወጡ ከሆነ ስማቸው አንድ ዓይነት ነው። መፍትሔው አንዱን ነቅሎ ዝርዝሩን እንደገና ማየት ነው፤ በዝርዝሩ ላይ የቀረው ቁጥር ያልተነቀለው ማውዝ ነው። ቀጥሎ «ክሪኤት ማስተር» የሚለው ትዕዛዝ ከአንድ ስም ጋር ሲሰጥ በስክሪኑ ላይ ሁለተኛ ቀስት ብቅ ይላል። በመጨረሻም «ሪአታች» በሚለው ትዕዛዝ ሁለተኛው ማውዝ ከአዲሱ ቀስት ጋር ይያያዛል። ሁለተኛ ኪቦርድ ካለ እሱም በዚሁ መንገድ ከአዲሱ ቀስት ጋር ጥንድ ሆኖ በዝርዝሩ ላይ ከሚታየው ኪቦርድ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ሥራው ይኸው ነው፤ ትዕዛዝ መጻፍ ለለመደ ሰው ከሻይ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ግን ሁሉም ወደ ነበረበት ስለሚመለስ፣ ትዕዛዞቹን በአንድ ፋይል ጽፎ ማሽኑ ሲነሳ በራሳቸው እንዲፈጸሙ ማድረግ ያስፈልጋል። ማውዙ ተነቅሎ ተመልሶ ሲሰካም ወደ መጀመሪያው ቀስት ስለሚሄድ፣ ልጆች ገመድ እንዳይነቅሉ መንገር ወይም ገመዱን ከጠረጴዛው እግር ጋር ማሰር አይከፋም።

ሊኑክስ ለመምህር የሚሰጠው ሌላም ጥቅም አለ። ግራኝ የሆነ ልጅ የሚይዘውን ማውዝ ብቻ ለይቶ የቀኙንና የግራውን ቁልፍ ማለዋወጥ፣ እጁ ገና ያልጸናውን ልጅ ማውዝ ብቻ ፍጥነቱን መቀነስ ይቻላል። በዊንዶውስ ቅንብር ቁልፎቹ ሲለዋወጡ ለተሰኩት ማውዞች ሁሉ ስለሚለዋወጡ፣ ግራኙን ስናስደስት ቀኜውን እናስቸግራለን። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ግራኝ ልጅ አጠገቡ አስቀምጦ ለማያውቅ ሰው ነው።

እንቅፋቱንም መደበቅ አይገባም። በሊኑክስ ላይ ሁለቱ ቀስቶች መልካቸው አንድ ስለሆነ ልጆች የራሳቸውን ያጡታል። እኔ የማደርገው ሁለት የተለያዩ የጨዋታ መስኮቶችን ግራና ቀኝ አሰልፌ አንዱን ለአንዱ ልጅ፣ ሌላውን ለሌላው መስጠት ነው፤ ልጁ ቀስቱ በራሱ ወገን እስካለ ድረስ አይጠፋውም። መስኮቶቹን የማሰለፉን ሥራ በመጀመሪያው ማውዝ አስቀድሞ መጨረስ ይሻላል፤ ምክንያቱም መስኮት የሚያንቀሳቅሱት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ሁለተኛውን ቀስት በደንብ አይረዱትም። ሁለቱም ልጆች በአንድ መስኮት ውስጥ ሲጫወቱ ደግሞ ጨዋታው ብዙውን ጊዜ ማን እንደነካ አይለይም፤ የተገለበጡ ካርዶችን እያመሳሰሉ እንደሚጫወቱት ዓይነት በመንካት ብቻ የሚካሄድ ጨዋታ ከሆነ ይህ አያስቸግርም፤ እንዲያውም ሁለቱ ልጆች የጋራ ካርዳቸውን አብረው ያስታውሳሉ። ነገር እየጎተቱ ማስቀመጥን የሚጠይቅ ጨዋታ ግን ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲጎትቱ ይምታታል። ስለዚህ ጨዋታውን ለልጆች ከመስጠት በፊት መምህሩ ወይም ወላጁ ሁለቱን ማውዝ በሁለት እጁ ይዞ መሞከር አለበት።

ዊንዶውስን መተው ለማይፈልግ ሰው ዩኒቨርሳል ስፕሊት ስክሪንና ኒውክሊየስ ኮኦፕ የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። እነዚህ አንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ሲከፈት፣ አንዱን ማውዝና ኪቦርድ ለአንደኛው መስኮት፣ ሌላውን ለሁለተኛው ያደርጋሉ። ሁለት ጨዋታ በአንድ ላይ የሚሸከም ማሽን ስለሚፈልጉ ለትምህርት ቤት አሮጌ ኮምፒውተር አይሆኑም፤ ቤት ውስጥ ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ላላቸው ወንድማማቾች ግን ጥሩ ናቸው። በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር ለሚደረግ፣ ማጭበርበርን የሚቆጣጠር ሥርዓት ላለው ጨዋታ እንዳይጠቀሙባቸው እመክራለሁ፤ ተቆጣጣሪው ይህንኑ እንደ ማጭበርበር ቆጥሮ የልጁን አካውንት ሊዘጋበት ይችላል።

ከአዳዲሶቹ ይልቅ ልቤን የሚስቡት የቆዩት ጨዋታዎች ናቸው። አሚጋ በተባለው ኮምፒውተር ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሌሚንግስ ሁለት ማውዝ ተሰክቶለት በሁለት ሰው ይጫወቱት ነበር፤ በ1993 የወጣው ዘ ሴትለርስም ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ማውዝ ይሰጥ ነበር። ያ ማሽን ዛሬ እኛ «አረጀ» ብለን ጥግ ካስቀመጥነው ኮምፒውተር ጋር በአቅም የማይወዳደር ደካማ ማሽን ነበር። እንግዲህ ከ30 ዓመት በፊት የተቻለ ነገር ዛሬ በትምህርት ቤታችን የማይቻልበት ምክንያት የለም። እንዲያውም ዶስቦክስ ስቴጂንግ የተባለው፣ ከዊንዶውስ በፊት የነበረውን የዶስ ዘመን ጨዋታዎች በዛሬ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ነጻ ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 0.80 ቁጥሩ ሁለት ማውዝን ለይቶ መቀበል ጀምሯል። አንዱን ማውዝ እንደ ዋናው፣ ሌላውን ደግሞ ሲሪያል ፖርት በተባለው የጥንት መሰኪያ እንደተሰካ ማውዝ አድርጎ ለጨዋታው ያቀርብለታል። ይህ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል፤ ስለዚህ የዶሱን ዘ ሴትለርስ በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ሰው ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ፣ መንገድ እየሠሩና እንጨት እያስቆረጡ አብረው መንደር ማቆም ይችላሉ።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። ዩኤስቢ ማውዝ ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ በየመደብሩ ይገኛል፤ ዋጋውም ከአንድ ኮምፒውተር ዋጋ ጋር ለንጽጽር የሚቀርብ አይደለም። ባለ ገመዱን እመርጣለሁ፤ ባትሪ አይጠይቅም፣ በቀላሉም አይጠፋም። ገመድ አልባ ከሆነ እያንዳንዱ ማውዝ የራሱ መቀበያ እንዲኖረው ያስፈልጋል፤ ሁለት ማውዝ በአንድ መቀበያ ሲገናኙ ኮምፒውተሩ እንደ አንድ ማውዝ ሊያያቸው ይችላልና። መሰኪያ ያነሰ እንደሆነ አንዱን መሰኪያ የሚያበዛውን ሃብ መጠቀም ይቻላል፤ ማውዝ የሚወስደው ኃይል ጥቂት ስለሆነ አንድ ተራ ሃብ ሁለቱን ማውዝና ሁለቱን ኪቦርድ ያለችግር ይሸከማል። በእኛ ክፍል ከዕቃው ይልቅ ያስቸገረን የጠረጴዛው ልባስ ነበር። ጠረጴዛ እንዳይቆሽሽ ተብሎ የሚለበጠው የሚያብረቀርቅ ላስቲክ የማውዙን ብርሃን በትክክል ስለማይመልስ ቀስቱ ይዘላል፤ መስታወት የለበሰ ጠረጴዛም እንዲሁ ነው። ከእያንዳንዱ ማውዝ ሥር የደብተር ሽፋን የሚያህል ካርቶን በፕላስተር ስንለጥፍ ችግሩ ተወገደ። ንፋሱ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የሚያመጣው አቧራም የማውዙን የሥር ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ በለስላሳ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃዋል።

ለድሬዳዋ በተለይ የሚያስፈልግ አንድ ምክንያት እጨምራለሁ። ከተማችን ሞቃት ናት፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ክፍል ውስጥ ከሰዓት በኋላ የተከፈተ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ክፍሉን እንደሚያግለው፣ ማሽኖቹም ሙቀቱን ሳይችሉ ቀርተው በራሳቸው እንደሚጠፉ የማያውቅ የኮምፒውተር መምህር በዚህ ከተማ ያለ አይመስለኝም። አዲስ ኮምፒውተር ሲጨመር ሙቀት፣ ሶኬትና የመብራት ወጪም ይጨመራል። ሁለተኛ ማውዝ ከእነዚህ አንዱንም አይጨምርም።

ከአሠራሩ ሁሉ በላይ ግን ሊታሰብበት የሚገባው ልጆቹ የሚጫወቱት ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሆነ ነው። በህንዱ ጥናት ሁለት ዓይነት አጫዋወት ተሞክሮ ነበር፤ አንደኛው ፉክክርን፣ ሁለተኛው መተባበርን የሚያበረታታ ነው። ልጃገረዶቹ በየትኛውም መንገድ በተቀራራቢ መጠን ተማሩ፤ ወንዶቹ ግን እንደ አጫዋወቱ ዓይነት ውጤታቸው በጣም ይለያይ ነበር። እኔም በክፍሌ የማየው ከዚህ የራቀ አይደለም። ቀድሞ የነካ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ሲሰጣቸው ብዙዎቹ ወንዶች ጥያቄውን ሳያነቡ ይነካሉ፤ ጨዋታው ሁለቱም ሳይስማሙ የማይቀጥል ሲሆን ግን መነጋገር ግድ ይሆንባቸዋል፤ ሲነጋገሩም አንዱ ለሌላው ያስረዳል። አፉን በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የፈታ ልጅ በአማርኛ የቀረበውን ጥያቄ ከጓደኛው ጋር በሁለቱም ቋንቋ ሲያወራበት ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ዓይነቱን ትምህርት እኔ ከሰሌዳው ፊት ቆሜ ልሰጠው አልችልም። ስለዚህ የመተባበሩን ጨዋታ የምመርጠው ልጆች እንዳይጣሉ ብቻ ሳይሆን የበለጠ ስለሚያስተምር ነው። የፉክክሩ ጨዋታ ደግሞ ዓርብ ከሰዓት ይድረሳቸው፤ ልጅ ማሸነፍም ያምረዋል።

ችግሩ በቋንቋችን የተሠራ፣ ሁለት ማውዝ ለይቶ የሚያውቅ ጨዋታ አለመኖሩ ነው። ማይክሮሶፍት ከዚያ የህንድ ምርምር ተነስቶ መልቲፖይንት የሚባለውን የፕሮግራም መሥሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2010ም ማውዝ ሚስቺፍ የተባለውን የፓወር ፖይንት ተጨማሪ አውጥቶ ነበር፤ በዚህኛው መምህሩ ጥያቄ በስላይድ አቅርቦ ልጆች በየማውዛቸው መልስ ይሰጡበት ነበር። ይህ ሥራ በመቋረጡ ከልቤ አዝናለሁ፤ ለእኛ ዓይነቱ ክፍል ከተሠሩት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነበርና። ይሁን እንጂ የሌላ አገር ድርጅት እስኪሠራልን መጠበቅ የለብንም። ከተማችን ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የኮምፒውተር ትምህርት ተማሪዎችም በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራ ይሠራሉ። በሊኑክስ ላይ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ኢቪዴቭ በተባለው ቤተ መጻሕፍቱ (ፕሮግራም ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዝግጁ የኮድ ስብስብ) አማካይነት እያንዳንዱን ማውዝ ለየብቻው ማንበብ ይችላል፤ መኒማውዝ የተባለው ነጻ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ይህንኑ በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ላይ ያደርገዋል። አንዱ ልጅ ፊደሉን፣ ሌላው ከፊደሉ ጋር የሚሄደውን ሥዕል ካልያዘ የማይከፈት ጨዋታ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በሐረሪ፣ ሁለቱን ቀስት አንዱን ቀይ አንዱን አረንጓዴ አድርጎ መሥራት ለአንድ የተመራቂዎች ቡድን ከአቅም በላይ አይደለም። መምህራኖቻቸው ይህን እንደ መመረቂያ ርእስ እንዲያቀርቡላቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ሥራው ሲያልቅም መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጥ ይልቅ ሳቢያን ወይም መጋላ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ ይሞከር።

ለትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር የሚለግሱ ድርጅቶችና ከውጭ አገር ዕቃ የሚልኩ የድሬ ልጆችም ከእያንዳንዱ ኮምፒውተር ጋር ሁለት ማውዝ እንዲልኩ፣ የተረፈ ማውዝ በየቤታቸው ያለም እንዳይጥሉት አደራ እላለሁ። የወጣት ማዕከላትና የጨዋታ ቤት ባለቤቶች አንድ ማሽን ለይተው ቢሞክሩት፣ አሁን ኮምፒውተሩን ትተው ወደ ፕሌይስቴሽኑ የሚሄዱትን ልጆች በኮምፒውተሩም ፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ያገኟቸዋል። ወላጆችን በተመለከተ፣ ቤታቸው አንድ ላፕቶፕና ሁለት ልጆች ካሉ፣ በየማታው የሚሰሙትን «አሁን የእኔ ተራ ነው» የሚል ጠብ በአንድ ማውዝ ግዢ ሊያበርዱት ይችላሉ።

ከሐረር፣ ከጅግጅጋም ሆነ ከሌላ ከተማ ይህን የሞከረ መምህር ወይም ወላጅ ካለ፣ የትኛው ጨዋታ በሁለት ማውዝ በደንብ እንደሠራለትና የትኛው እንዳልሠራለት በጋዜጣችሁ ላይ ቢጽፍልን እጅግ እንጠቀማለን። ለዚህ የሚሆን ጥቂት ቦታ እንድትሰጡን እጠይቃለሁ፤ እኔም ትዕዛዞቹን አንድ በአንድ የጻፍኩበትን ፋይል ለሚፈልግ ትምህርት ቤት ሁሉ በፍላሽ ለመገልበጥ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር መምህር
ከድሬዳዋ